እጄ እንጂ እኔ አልተቆጣሁም

ሰው ሳይቆጣ «ተቆጥተሃል» ሲባል ምን ያህል እንደሚቆጣ የማያውቅ ካለ፣ መቱ ብቅ ይበልና የኔን ቤት ይጠይቅ። ከገበያው ከፍ ብሎ፣ በረንዳው ላይ የልብስ ስፌት መኪና ያለበት ቤት ነው። ቤቱ ከጠፋው «ያ ቁጡው ልብስ ሰፊ የት ነው?» ይበል፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያሳየዋል። ቁጡ! እኔ! ደንበኛ የገዛ ሆዱ ገፍቶ «ሱሪዬን አጠበብክብኝ» እያለ ሲጮህብኝ፣ «ጨርቁ ተሰብስቦ ነው፣ ጌታዬ» እያልኩ ዕድሜዬን የገፋሁ ሰው እኮ ነኝ።

ለዚህ ስም ያበቃኝ ቀኝ እጄ ነው። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ብቻውን ሥራ ጀመረ። ቁጭ ብዬ ወሬ ስሰማ ከሌባ ጣቴ ጋር እየተሻሸ የሌለ ክር ያጠነጥናል። የሙያ ልማድ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ መላው እጄ ተከተለው። እረፍ ስለው አይሰማኝም፣ ስቆጣው ይብስበታል። እሱ አልበቃ ብሎ ደግሞ ፊቴ ሥራ አቆመ። አንድ ቀን እትዬ በላይነሽ የሚባሉት ጎረቤቴ፣ አንድ ቄስ ጭቃ አዳልጧቸው ጃንጥላቸውን ሳይለቁ እንዴት ቁጭ እንዳሉ አጫወቱኝ። ሆዴ እስኪቆስል ሳቅሁ፤ ግን በውስጤ ነው። እሳቸው ፊቴን አይተው «ካስቀየምኩህ ይቅር በለኝ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ከተማው በሙሉ የፊቴ ሐኪም ሆነ፤ እጄን ግን ከሰው ደበቅሁ። አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ አንዱ መጋኛ ነው ይላል፣ አንዷ የሰው ዓይን ነው ትላለች። የያዮ ማር በዝንጅብል ጠጣ አሉኝ፤ ጠጣሁ። ቅቤ ታሽ አሉኝ፤ ታሸሁ። እጄ ቅቤ እንደተቀባ መንቀጥቀጡን ቀጠለ፤ የደንበኛ ጨርቅ ሁሉ በቅቤ ተበላሸ። ጎሬ ላይ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ለጥቂት ቀን መጥቷል ሲባል ሄድኩ። ጣትህን አፍንጫህ ላይ አሳርፍ አለኝ፤ አሳረፍኩ። ከመቶ ወደ ታች ቁጠር አለኝ፤ ቆጠርኩ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርግ ሲለኝ ጣቴ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ቁጥሩም ጠፋኝ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና በአስተርጓሚው በኩል፣ ይህ በሽታ እዚህ መድኃኒት እንደሌለው፣ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንድሠራ ነግሮ አሰናበተኝ።

ይህ ሰው መቱን አያውቃትም። መቱ ውስጥ አንድ ሥራ ብቻ የሚባል ነገር የለም። ሰላምታው ብቻውን እንኳ ስንት ሥራ ነው! ባርኔጣ ይወልቃል፣ ወገብ ይጎነበሳል፣ ጋቢ እንዳይወድቅ ይያዛል፣ ጃንጥላ ወደ ጎን ይላል፣ በዚያው አፍታ «እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ከብቱስ» ይባላል፣ በመሀሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ጣልቃ ይገባል። ጤነኛ ሁሉ ሳያስበው ያደርገዋል። እኔ ባርኔጣዬን ሳነሳ እግሬ ይቆማል፣ አፌን ስከፍት ጃንጥላው ይወርዳል። አንድ ቀን ግራዝማች ዘለቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ግራዝማች የከተማው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰላምታ የሚያጓድልባቸውን ሰው አይረሱም። እኔም እንደ ሐኪሙ ምክር አንድ በአንድ ላቀርብላቸው ተነሳሁ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ጃንጥላዬን አዘነበልኩ። ጋቢዬን ያዝኩ። በመጨረሻ ጎንበስ ስል ግራዝማች አልፈው ሄደዋል። ከኋላቸው ለምትመጣ አህያ እጅ ነሳሁ።

የስፌት መኪናውንማ ተዉት። እግር ይረግጣል፣ ቀኝ እጅ መዘውሩን ያስነሳል፣ ግራ እጅ ጨርቁን ይመራል፣ ዓይን መርፌዋን ይከተላል፣ ጆሮ ደግሞ የደንበኛን ጭቅጭቅ ያዳምጣል። እኔ ከዚህ ሁሉ የቀረኝ ጆሮው ነው። የግማሽ መቱን ቁልፍ የተከልኩ ሰው የገዛ ሸሚዜን መቆለፍ አቃተኝ። ቁልፍ የሠራውን ሰው ባገኘው ብዬ ብቻዬን ስንት ጧት ተሳድቤያለሁ።

ታዲያ ቤቱ እንዴት ቆመ አትሉም? ልጄ ብርቅነሽ አቆመችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔና እሷ ነን። ጧት ሸሚዜን ትቆልፍልኛለች፤ ስትቆልፍም ወደ ሌላ እያየች፣ ስለ ሌላ እያወራች ነው፣ እንዳላፍር። ደንበኛ ሲመጣ እኔ መቀስ ጭኔ ላይ አድርጌ እኮፈሳለሁ። ለክታ፣ ቆርጣ፣ ሰፍታ የምታስረክበው እሷ ናት። ሰዉ ግን «እንደ እርስዎ የሚሰፋ የለም» ብሎኝ ይሄዳል፤ እኔም ዝም እላለሁ። መርፌ ላይ ክር የምታስገባበትን መንገድ ብታዩ! ክሩን ሳታየው፣ እሳት ላይ ስላለው ወጥ እየጮኸች፣ አንዴ ብቻ ሽው ታደርገዋለች።

እንግዲህ ታደሰ የሚባል የያዮ ልጅ አንዲት ሱሪ ይዞ መመላለስ ጀመረ። አንድ ሰሞን ጠበበችኝ ይላል፣ ሌላ ሰሞን ሰፋችኝ ይላል። ሰውነቱ ያው ነው፤ እኔ እጄ እንጂ ዓይኔ አልታመመም። አንድ ቀን ብርቅነሽ «አባዬ፣ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አደራዎን» አለችኝ። አደራ የሚያስብለው ነገር ነበረ። በአገራችን ልጅ ሲጠየቅ ዘር ይቆጠራል። እጁ የሚንቀጠቀጥ አባት መኖሩ ከታወቀ «በዘራቸው አለ» ይባላል፣ ነገሩም በዚያው ይቀራል። እና ሁለታችን ተማከርን። ቀኝ እጄ ጋቢ ውስጥ ይደበቃል። ሽማግሌዎቹ ነገራቸውን ሲጨርሱ «ዘመድ ልማክር፣ ተመለሱ» እላለሁ፤ ለመጀመሪያ ቀን ልማዱም ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልሠራም። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ እንድትሄድብኝ አልፈልግም ነበር። ቁልፌን እየቆለፈች ጸጉሯ እንዲሸብት ግን ከዚያ ይልቅ አልፈልግም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። የሚመሩት ግራዝማች ዘለቀ ራሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ኦቦ ነገዎ የሚባሉት የያዮ ሰው፣ የታደሰ አጎት አሉ። ሌላም አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ለምስክርነት ቆሙ እንጂ ምንም አልተናገሩም። ተቀመጡ ስላቸው «ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። ግራዝማች ከዓለም አፈጣጠር ጀመሩ። እኔ እጄን ጋቢ ውስጥ ቀብሬ አዳምጣለሁ። ሁሉም መልካም ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ያሳብደኛል። በግራዝማች ኮት ላይ አንዲት ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠልጥላለች። በተናገሩ ቁጥር ትወዛወዛለች። ልብስ ሰፊ ሆኖ ይህን ማየት ስቃይ ነው፤ ዓይኔን ከደረታቸው ላይ መንቀል አልቻልኩም።

እዚህ ላይ እትዬ በላይነሽ ገቡ። ማንም አልጠራቸውም። ብርሌ ሙሉ ጠጅ ይዘው መጡና «ሽማግሌ እስኪቀመጥ አይቀምስም፤ ባለቤት ግን ቀምሶ ይጠብቃል። ባዶ እጁን የተቀመጠ አባት እኮ እንቢ ያለ ይመስላል!» ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ይህን ሕግ ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀኝ እጄን ከጋቢው ውስጥ ጎትተው አውጥተው ብርሌውን አስጨበጡኝ።

ብርሌ መያዝ እችላለሁ። ሌላ ምንም ካልሠራሁ፣ ካላሰብኩ፣ ካልተናገርኩ እይዛለሁ። በዚያች ቅጽበት ግራዝማች «...ስለዚህ ልጅዎን ለልጃችን ይሰጡናል ወይ?» ብለው ጨረሱ።

ሁለት ሥራ ሆነ። መልስ ከሰጠሁ ጠጁ ይደፋል፤ ጠጁን ከያዝኩ መልስ የለም። ጠጁን ያዝኩ። እጄ ግን ጥያቄውን ሰምቷልና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠጁ በብርሌው አንገት ላይ እየዘለለ አረፋ ደፈቀ። እንግዲህ እነሱ የሚያዩትን አስቡት። ፊቱ የተቋጠረ ሰውዬ፣ ቃል የማይተነፍስ፣ የግራዝማችን ደረት አፍጥጦ የሚያይ፣ ብርሌ ጨብጦ የሚንቀጠቀጥ።

«ጌታው፣ ይረጋጉ» አሉ ግራዝማች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው።

ዝም።

«ኧረ ስለ ማርያም፣ እንዲህ የሚያስቆጣ ምን ተናገርን?»

ዓይኔ እዚያችው ቁልፍ ላይ ነው።

«አቦ፣ ሂን ኣሪና!» አሉ ኦቦ ነገዎ። አይቆጡ ማለታቸው ነው። በአማርኛ የሰማሁት አልበቃ ብሎ በኦሮምኛም ተደገመልኝ። ከዓመት በላይ ከተማው ሲለኝ የኖረውን ቤቴ ድረስ መጥተው ሲሉኝ፣ በእውነት ተቆጣሁ።

«አልተቆጣሁም!» አልኩ።

ከታመምኩ ወዲህ ድምፄ ከስሞ ሰው ጆሮውን ሳያስጠጋ አይሰማኝም ነበር። ያን ቀን ግን የቤቱ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ወጣ። አፌ ተራውን ሲወስድ እጄ ሥራውን ለቀቀ። ጠጁ ከግራዝማች ጢም ጀምሮ እስከ ነጭ ሱሪያቸው ወረደ። ብርሌው ኦቦ ነገዎ እግር ሥር ተሰበረ። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ሄዱ። ቁልፏ እንኳ አልወደቀችም።

ወሬው ከኔ በፊት ገበያ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ብርሌ ወርውሬ ግራዝማችን ፈነከትኩ ተባለ። ወሬው ኖፓ ሲደርስ ጠመንጃ መዝዣለሁ። ሶር ወንዝ አካባቢ የሚኖር አንድ ደንበኛዬ በማግስቱ ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ፣ በር ላይ ቆሞ «በሰላም ነው የመጣሁት» አለ።

ብርቅነሽ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰፋች፤ የመኪናው ድምፅ ጥርሴን ያንገጫግጨዋል። በመጨረሻ እግሯን ከመርገጫው አንስታ «ለምን ታምሜ ነው አይሏቸውም?» አለችኝ።

«ዘራቸው ነው ይሉሻላ!»

«ይበሉና! አሁንስ የተሻለ ነገር ተባልኩ? ከዕብድና ከሽማግሌ ደብዳቢ ቤት ተወለደች ነው የሚሉኝ!»

ይህን ከአጥር ማዶ የሰሙት እትዬ በላይነሽ መልስ ነበራቸው። በማግስቱ ማንንም ሳያስፈቅዱ «እጁ ታሞ ነው እንጂ ሰውዬው ምስኪን ነው» እያሉ ከተማውን አዳረሱት። የደበቅሁት ሁሉ በአንድ ጧት ገበያ ወጣ። አስታራቂዎችም ተሰብስበው ፈረዱ። ታሞም ይሁን ሳይታመም ሽማግሌ ላይ ጠጅ ደፍቷልና፣ ድንጋይ ተሸክሞ ግራዝማች ደጅ ይሂድ፣ ይቅርታ ይለምን አሉ። ድንጋዩን የመረጡት ማን መሰሏችሁ? እትዬ በላይነሽ ናቸው። «ትንሽ ድንጋይ ንቀት ነው» ብለው ወፍጮ የሚያህል አመጡልኝ።

ተሸከምኩ። ማጅራቴ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩትና በጭቃው መንገድ ወጣሁ። መቱ ሥራ ፈትታ ተከተለችኝ። እጁ የሚንቀጠቀጠውን ሰው ለማየት የወጣው ሕዝብ ለገና እንኳ አይወጣም። ግራዝማች ደጅ ደርሼ ስቆም ሁሉም አንገቱን አስግጎ እጄን አየ።

እጄ ቀጥ ብሏል።

ኧረ በሕግ አምላክ! ቁልፍ ሲይዝ የሚንቀጠቀጥ፣ ማንኪያ ሲይዝ የሚደንስ እጅ፣ ድንጋይ ሲጫንበት ዝም አለ። ይህ የበሽታው ጠባይ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ሸክም ሲበዛበት የሚያርፍ በሽታ ነው። ሕዝቡ ግን አጉረመረመ። ግራዝማች ከኦቦ ነገዎ ጋር በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ «እንዴ! የታለ መንቀጥቀጡ? ጠጅ ሲሆን ነው የሚያመው?» አሉ። ሰው ሳቀ። ከደም ፍላት የተነሳ የይቅርታ ድንጋይ የቀለለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ወጉ እንግዲህ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ጎንበስ ብሎ «በድያለሁ፣ ይማሩኝ» ማለት ነው። ሦስት ሥራ! መሸከም፣ መጎንበስ፣ መናገር። አፌን ልከፍት ስል ድንጋዩ ይንሸራተታል፤ ድንጋዩን ሳስተካክል ቃሉ ይጠፋኛል። እግሬም በተራው ጭቃው ላይ ተቸንክሮ አልንቀሳቀስ አለ። ቆምኩ። ፊቴ ያው ነው።

«እዩት፣ አሁንም ተቆጥቷል!» አለ አንዱ ከኋላዬ።

ብርቅነሽ ከሕዝቡ መሀል ወጣች። ለጋብቻ የተጠየቀች ልጅ ሽማግሌ ደጅ መቆሟ ራሱ ነውር ነው። እሷ ግን መጥታ ድንጋዩን ከማጅራቴ አወረደችው። ይቅርታ ሳይባል ድንጋይ የሚያወርድ ተበዳዩ ብቻ ነው። ግራዝማች ብድግ አሉ።

«አባዬ፣ አንድ በአንድ» አለችኝ።

እጄ ነፃ እንደወጣ በሰው ሁሉ ፊት ጭፈራውን ጀመረ። እሷ ከቀሚሷ አንገት ላይ መርፌ ነቀለች፣ ከኪሷ ክር አወጣችና ሁለቱንም አስጨበጠችኝ። «ያስገቡ» አለች። ልጄ ናት እንዲህ የምትለኝ! እኔን፣ የመቱን ልብስ ሰፊ! በዚያች ሰዓት ከግራዝማችም፣ ከእትዬ በላይነሽም ይልቅ በእሷ ተናደድኩ። ግን ሞከርኩ። ክሩ በመርፌዋ ቀኝ ሄደ፣ በግራ ሄደ፣ አውራ ጣቴን ወጋሁት፣ ደሙ ወጣ። መርፌዋ ጭቃ ላይ ወደቀች።

ኦቦ ነገዎ ከበረንዳው ወርደው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ማል ታቴ፣ ያ ኦቦሌሳ? ዮም ጀልቀቤ?» አሉኝ። ምን ሆንክ ወንድሜ፣ መቼ ጀመረህ ማለታቸው ነው። ያ ሁሉ ዘመን ከተማው ምን እንደሆንኩ ሲነግረኝ፣ ምን ሆንክ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ማልቀስ ፈለግኩ፤ ፊቴ ያንንም አልቻለበትም።

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ታዲያ ይህ ነገር... በዘር ነው?» አሉ።

እኔ መልስ ስፈልግ ብርቅነሽ መርፌዋን ከጭቃው አንስታ በቀሚሷ ጠርጋለች። ክሩን ሽው አድርጋ አስገብታ በረንዳው ላይ ወጣች። «ይፍቀዱልኝ» ብላ የግራዝማችን ኮት ያዘችና ያቺን የተንጠለጠለች ቁልፍ እላያቸው ላይ እንዳለች ትሰፋ ጀመር። ዓይኗ ግን ቁልፏ ላይ አይደለም፤ ዓይናቸውን ነው የምታያቸው።

«አያቴ እጁ ደህና ሆኖ ነው የሞተው። አባቴም ያን ቀን ይህቺን ቁልፍዎን ነበር የሚያያት፤ እርስዎን አልነበረም። ሥራ ሲጓደል ማየት አይችልም። የኔን እጅ ደግሞ ይኸው ይዩት» አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ግራዝማች ቁልፋቸውን ጎተት አድርገው ሞከሯት። ጸንታለች። ከዚያ ጎንበስ ብለው እኔን በትከሻዬ ያዙና «ተምረዋል» አሉኝ፤ «በድያለሁ» ሳልል። ወዲያው ለመቀመጥ እንኳ ሳይጠብቁ «እንግዲህ ያን ቀን የጠየቅነዎት ነገር ነበር። ይሰጡናል ወይ?» አሉ።

እጄ ባዶ ነው። ድንጋይ የለ፣ ብርሌ የለ። አንድ ሥራ ብቻ። ያን ሁሉ ቀን አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ የኖረውን አውጥቼ «ዘመድ ልማክር፣ ተመለሱ» አልኩ።

መቱ በሳቅ ፈረሰች። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ምን ያስቃል? ወግ ወግ ነው!

ሠርጉ ተደረገ። ብርቅነሽ ለስንብት ጉልበቴን ስትስም እጄን አናቷ ላይ ጫንኩ። እጄ የለመደውን ሲያደርግ የጸጉሯ ጌጥ ሁሉ ተንሿሿ። ከዳሱ ውስጥ አንዲት የያዮ ሴት ለጎረቤቷ «አባትየው ዛሬም አልበረደለትም» ስትል ሰማኋት። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን እጄ ሥራ ላይ ነበርና ተውኩት።

በማግስቱ በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ የመርፌ መሰኪያዬን አየሁት። በቤቱ ያለ መርፌ ሁሉ ተሰክቶበታል፤ ሁሉም ክር ገብቶባቸዋል። ነጭ፣ ጥቁር፣ ካኪ። ሳትነግረኝ ነው ያደረገችው። በእነሱ ቀስ እያልኩ፣ አንድ በአንድ፣ ቁልፍ ስተክል ከረምኩ። ስንት ዘመን እንደሚያቆዩኝ አስባ እንደሆነ እንጃ፤ ሰሞኑን አለቁ። እትዬ በላይነሽ «ላስገባልህ» ብለው መጡ፤ ዓይናቸው አያይም፣ ሦስት መርፌ ጣሉብኝ። ባለሱቁም ላስገባልዎ አለኝ። እንቢ አልኩት።

ነገ የጭነት መኪና ተሳፍሬ ያዮ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ባዶ መርፌዎቼን ይዤ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወገቤን ይሰብረዋል። ደጃፏ ላይ ስወርድ ፊቴ ተቋጥሮ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ያዩኛል። «የብርቅነሽ አባት ተቆጥቶ መጣ» ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ። ያ ሁሉ መርፌ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ አላለችም፤ በዚህኛውስ ተቆጥቻለሁ።